ከደባል ቤት ስምን ይዞ መውጣት

ጅማ ውስጥ ቆጪ አካባቢ አራት ሆነን የተከራየነው ቤት ነበር። ሥራ ቀይሬ አዲስ አበባ ስገባ ዕቃዬ በአንድ ባጃጅ ሙሉ አለቀ። ፍራሹ ከላይ ታስሮ፣ መጽሐፉ በጆንያ። ደባሎቼ ቡና አፍልተው ሸኙኝ። እነሱ እዚያው ሊቆዩ፣ እኔ ልሄድ። በቃ፣ ወጣሁ ብዬ አሰብኩ።

ከአራት ወር በኋላ አከራያችን ደወሉ። «ልጄ፣ የሁለት ወር ኪራይ አልገባም። የወጥ ቤቱ ቧንቧም ተሰብሯል» አሉኝ። «እማማ፣ እኔ እኮ ወጥቻለሁ» ብላቸው፣ «እኔ ያከራየሁት ለአንተ ነው፤ እነሱን በአንተ ነው የማውቃቸው» አሉ። ውሉን ፈልጌ ሳየው እውነታቸውን ነው። ከታች ያለው ፊርማ የእሳቸውና የእኔ ብቻ ነበር።

ግማሹን ከኪሴ ከፈልኩ። ግማሹን ከልጆቹ ያገኘሁት በስንት ስልክና በስንት ኩርፊያ ነው። አሁን ጅማ ተመልሼ እኖራለሁ። ከደባል ቤት ሊወጣ ያሰበ የማውቀው ሰው ሁሉ ደግሞ ይደውልልኛል። ስለዚህ አንዴ ጽፌው ልገላገል።

1. ውሉን አውጡና ማን እንደፈረመ እዩ

ሁሉም ነገር የሚጀምረው ከዚህ ነው። «እኔ ብወጣ ምን ይመጣል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ እንደ ፈራሚው ይለያያል።

ሁላችሁም ፈርማችሁ ከሆነ፣ ዕዳው የሁላችሁም ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1896 የሚለው፣ ውሉ ሌላ ነገር ካልተናገረ ባለዕዳዎች በአንድነትና በነጠላ ኃላፊዎች ናቸው ነው። በቀላል አማርኛ፣ ኪራዩ 12,000 ብር ቢሆንና አራት ብትሆኑ፣ አከራዩ ከአንዳችሁ ሙሉውን 12,000 መጠየቅ ይችላል። «የኔ ድርሻ 3,000 ናት» የሚለው ንግግር በእናንተ መሃል እንጂ በአከራዩ ላይ አይሠራም። ዕቃችሁን ይዛችሁ ስለወጣችሁም አይቀርም።

የፈረማችሁት እናንተ ብቻ ከሆናችሁ፣ የኔ ዕጣ ደርሷችኋል ማለት ነው። አከራዩ ሌሎቹን የሚያውቃቸው በእናንተ ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ ከውሉ መውጣት ብቻ አይበቃም። ውሉ ወደሚቆየው ሰው ስም መዞር አለበት።

የፈረመው ሌላ ደባል ከሆነ ቀላል ነው። ሂሳባችሁ ከእሱ ጋር ነው፣ ወደ ቁጥር 5 ዝለሉ። ምንም ወረቀት ከሌለ፣ ጅማ ውስጥ ይሄ ብርቅ አይደለም፣ የመውጫ ወረቀት ከመግቢያው ወረቀት በላይ ያስፈልጋችኋል። ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤት ይዛችሁ እያንዳንዳችሁ ለየብቻ ከአከራይ ጋር የተዋዋላችሁ ከሆነ ደግሞ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ አይደለም። ማስጠንቀቂያ ሰጥታችሁ ውጡ።

ውሉን ስታነቡ አራት ነገር ፈልጉ። የማብቂያ ቀኑን፣ ለመልቀቅ የሚያስፈልገውን የማስጠንቀቂያ ጊዜ፣ «ያለ አከራይ ፈቃድ ለሦስተኛ ወገን ማስተላለፍ አይቻልም» የሚል መስመር መኖሩን፣ እና ገደብ። ገደብ ማለት ውሉን ያፈረሰ ወገን የሚከፍለው ቅጣት ነው። ብዙ ሰው ሲፈርም የማያነባት፣ ሲወጣ የሚያነባት መስመር እሷ ናት።

በ2016 የወጣውን የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320ም አትርሱ። የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ያዛል። ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጭ የሚሠራው ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ነው። ስለዚህ ውላችሁ ተመዝግቦ እንደሆነ ቀበሌ ጎራ ብላችሁ ጠይቁ። ከተመዘገበ ለውጡም በመዘገበው ቢሮ መመዝገብ አለበት።

2. ለደባሎቻችሁ ቀድማችሁ ንገሩ

ለአከራይ አይደለም። ለደባሎቻችሁ። አከራዩ እዚያው ግቢ ውስጥ ከሆነ ወሬው ከእናንተ ቀድሞ ይደርሳል፤ ደባሎቻችሁ ከአከራይ አፍ ከሰሙት ደግሞ ነገሩ ከመጀመሪያው ተበላሸ።

የሚፈሩትን ዕወቁ። ብዙውን ጊዜ የሚያስኮርፋቸው የእናንተ መሄድ አይደለም። አንደኛ፣ ድርሻቸው ከ3,000 ወደ 4,000 ሊዘል ነው። ሁለተኛ፣ አከራዩ «ውል ከተነካ እንግዲህ ዋጋም ይነካ» ሊል ነው። ለሁለቱም መልስ ይዛችሁ ቅረቡ። «ልወጣ ነው» ብሎ ዝም ማለት ችግር ወርውሮ መሄድ ነው።

እኔ ዛሬ ብሆን እንዲህ እል ነበር፦ «ስሙኝማ፣ እኔ እስከ ጥር 18 ነው ያለሁት። እናንተ እንደምትቆዩ አውቃለሁ። በኔ ቦታ የሚገባ ሰው እፈልጋለሁ፣ የምትመርጡት ግን እናንተ ናችሁ። አከራይ ጋም አብረን ነው የምንሄደው።» አጭር ነው፣ ግን ቀን አለው። «በቅርቡ» አትበሉ። በቅርቡ ሲባል አንዱ ሳምንት፣ ሌላው ሦስት ወር ይሰማዋል።

ውሉ ላይ የተጻፈ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ካለ እሱን ጠብቁ። ከሌለ ከአንድ ወር በታች አታድርጉት። የምትወጡት ነሐሴ መጨረሻ ላይ ከሆነ ስለ ጳጉሜም ቀድማችሁ ተነጋገሩ። በልማድ የጳጉሜን ቀናት የሚያስከፍል አከራይ እኔ አልገጠመኝም፤ ግን «አምስቷን ቀን ማን ይክፈል» ተብሎ ሲጣሉ አይቻለሁ። ይገርማል።

ወቅትም አለው። መስከረምና ጥቅምት ዩኒቨርሲቲው ሲከፈት ቂጦ ፉርዲሳ ግቢም ሆነ ዋናው ግቢ አካባቢ ቤት የሚፈልግ ሞልቷል፣ ተተኪ በሳምንት ይገኛል። ሐምሌ ላይ ግን ፈላጊው ይሳሳል። በዚያ ላይ የጅማ ዝናብ። ጭቃ ውስጥ ባጃጅ አይገባም፣ ፍራሽ ተሸክሞ ከሰፈር ውስጥ እስከ አስፋልት መሄድ ነው። ምርጫ ካላችሁ ሐምሌን ዝለሉት።

3. ተተኪውን አምጡ፣ ምርጫውን ተዉላቸው

ሦስት መንገድ አለ። ሰው መተካት፣ የቀሩት ድርሻችሁን ተካፍለው መቀጠል፣ ወይም ውሉን ከነጭራሹ አፍርሶ የሚቆዩት አዲስ ውል መፈረም። የመጨረሻውን አልወደውም። አዲስ ውል ማለት አዲስ ድርድር ነው፣ አከራዩ ከዜሮ ይጀምራል። ሁለተኛው ገንዘብ ላላቸው ሰዎች ነው። ስለዚህ በአብዛኛው ሥራው ሰው ማግኘት ነው።

መጀመሪያ ከመሥሪያ ቤት፣ ከቴሌግራም ግሩፕ፣ ከሰፈር ሱቅ ፈልጉ። ደላላ ከገባ ኮሚሽኑን የሚከፍለው የሚወጣው ሰው ነው፤ ቢያንስ ጨዋነቱ እንደዚያ ይላል። ለአከራይ ከማሳየታችሁ በፊት ሰውየውን ለደባሎቹ አሳዩ። አንድ ማታ ይምጣ፣ ሻይ ይጠጣ።

ከዚያ የማይጠየቀው ይጠየቅ። ስንት ሰዓት ይገባል? ያጨሳል? ጫት ላይ እንዴት ነው? ሰው ያመጣል? ወጥ ቤቱስ? ጅማ ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ጣሪያ መኖሩ አዲስ ነገር አይደለም፤ የሥጋ ድስት ይለያል፣ በረመዳንም በጾምም ይተዛዘናሉ። ግን ይህ የሚሠራው ቀድሞ ሲነገር ነው። እኛ ቤት አንድ ተተኪ በሁለተኛ ሳምንቱ የወጣው በድስት ምክንያት ነው። ጥፋተኛ አልነበረም፣ የነገረው ሰው አልነበረም።

ደባሎቹ «ይሄ ልጅ አይመቸንም» ካሉ ሌላ ፈልጉ። ሁለት ሰው አምጥታችሁ ሁለቱንም ያለ ምክንያት ከመለሱ ግን፣ ከጥር 18 በኋላ ያለውን ክፍተት እነሱ እንደሚሸፍኑ በግልጽ ንገሯቸው። በጽሑፍ፣ ቴሌግራም ላይ ቢሆን እንኳ።

4. አከራይ ዘንድ ሂዱ፣ ወረቀት ይዛችሁ ተመለሱ

ብቻችሁን አትሂዱ። የሚቆይ ደባል አንድ፣ ተተኪው አንድ፣ እናንተ። ተተኪው መታወቂያውን ይዞ ይምጣ። ውሉ ተያዥ የሚጠይቅ ከነበረ የእሱንም ተያዥ አስቡ። ቡና ከቀረበ ጠጡ። የቸኮለ ሰው አከራይን ያስጠረጥራል።

እዚህ ላይ አንድ ቃል ብዙ ገንዘብ ያድናል። «አዲስ ውል» አትበሉ፣ «ማሻሻያ» በሉ። ማሻሻያ ሲሆን የኪራዩ መጠንም የማብቂያ ቀኑም እንዳለ ይቀጥላል፣ የሚለወጠው ስም ብቻ ነው። አከራዩ በዚህ አጋጣሚ ዋጋ ልጨምር ካሉ፣ አዋጁ በሚሠራበት ቦታ ጭማሪ የሚደረገው በዓመት አንዴ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው መጠን እንደሆነ በትህትና አስታውሱ። በትህትና ነው ያልኩት። እናንተ ትሄዳላችሁ፣ ደባሎቻችሁ ግን ከእሳቸው ጋር አንድ በር ነው የሚጋሩት።

ማሻሻያው ይህን ይመስላል፦

*የውል ማሻሻያ*

*እኛ ስማችንና ፊርማችን ከታች የሚገኘው አከራይና ተከራዮች በ… ቀን … ዓ.ም. የተዋዋልነውን የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በሙሉ ፈቃዳችን እንደሚከተለው አሻሽለናል።*

*ሀ. አቶ/ወ/ሮ/ወ/ሪት … ከጥር 18 ቀን … ዓ.ም. ማታ ጀምሮ ከተከራይነት ወጥተዋል። ከዚህ ቀን በኋላ ስለሚመጣ ኪራይ፣ መብራት፣ ውሃም ሆነ በቤቱ ላይ ስለሚደርስ ጉዳት ተጠያቂ አይሆኑም።*

*ለ. በእግራቸው አቶ/ወ/ሮ/ወ/ሪት … ከጥር 19 ቀን ጀምሮ ተተክተዋል። የውሉን ግዴታ ሁሉ ተቀብለዋል።*

*ሐ. ኪራይ እስከ የካቲት 30 ቀን ተከፍሏል። አከራይ ከሚወጡት ተከራይ የሚፈልጉት ቀሪ ሂሳብ የለም።*

*መ. ከጥር 19 እስከ የካቲት 30 ያለውን የወጪውን ተከራይ ድርሻ 4,200 ብር ተተኪው ከፍለዋቸዋል።*

*ሠ. የኪራዩ መጠንና የውሉ ማብቂያ ቀን አልተለወጡም።*

ከታች የሁሉም ፊርማ። አከራይ፣ የሚቆዩት ሁሉ፣ ተተኪው፣ እናንተ፣ ሁለት ምስክሮች። የሚቆዩት ካልፈረሙ ወረቀቱ ጎዶሎ ነው። ቅጂው በፈራሚው ቁጥር ይሁን፣ ሁሉም ላይ በእስክሪብቶ ይፈረም። ፎቶ ኮፒ ለመጠባበቂያ ነው።

ጅማ ነንና፣ ቋንቋውንም አስቡ። የመንግሥት ቢሮው ሥራ በአፋን ኦሮሞ ነው። የመጀመሪያው ውል «ወሊገልቴ ኪራ መና» (የቤት ኪራይ ውል) ተብሎ የተጻፈ ከሆነ ማሻሻያውም በዚያው ቋንቋ ይሁን። ቢሮ ደጃፍ ላይ ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎች ያውቁበታል። የፈረማችሁትን ሳይገባችሁ ግን አትፈርሙ፤ ያልገባው ሰው ካለ ቃል በቃል ይተርጎምለት። ደግሞም በተለየ አጻጻፍ የተደረገ ውል የሚለወጠው በዚያው አጻጻፍ ነው። ቢሮ የተመዘገበን ውል ሳሎን ውስጥ በቃል ማፍረስ አይቻልም።

የፈራሚው ስም የእናንተ ብቻ ከነበረ ፊደል «ለ»ን አስተካክሉት። «የተከራይነቱ መብትና ግዴታ ሙሉ በሙሉ ወደ… ተላልፏል» ይባል፤ ከሚቆዩት አንዱ ወይም ሁሉም ስማቸው ይግባ። ይህን እሺ የሚል ደባል ከጠፋ፣ ወዳጄ፣ ማንም ኃላፊነት በማይወስድበት ቤት ስማችሁን ትታችሁ አትሂዱ። ያኔ ትክክለኛው መንገድ ውሉን በማስጠንቀቂያ ማቋረጥ ነው፣ ቢከፋቸውም።

5. ሂሳቡን ዝጉ

መጀመሪያ ያ በመግቢያ የከፈላችሁት ገንዘብ ምን እንደሆነ ለዩ። አንዳንዱ ቤት ቅድሚያ ነው፤ ሁለት ወር ትከፍላላችሁ፣ ኖራችሁ ትጨርሱታላችሁ፣ እንደገና ትከፍላላችሁ። ሌላው ማስያዣ ነው፤ እስከ ውሉ መጨረሻ አከራዩ ጋ ይቀመጣል።

በሁለቱም መንገድ ገንዘቡን ከአከራይ አትጠብቁ። ውሉ እየቀጠለ ስለሆነ እሳቸው የሚመልሱት የለም። የሚከፍላችሁ በቦታችሁ የሚገባው ሰው ነው፣ እሱ ከሌለ የሚቆዩት።

ቅድሚያ ከሆነ በቀን አስሉት። 3,000 ብር ለ30 ሲካፈል ቀኑ 100 ብር ነው። እስከ የካቲት 30 ከፍላችሁ ጥር 18 ከወጣችሁ፣ ከጥር 12 ቀን፣ ከየካቲት 30 ቀን፣ ድምር 42 ቀን አልኖራችሁም። 4,200 ብር ይገባችኋል። ማስያዣ ከሆነ ደግሞ የሁለት ወር ድርሻችሁ 6,000 ብር ነው፤ ተተኪው ይህን ለእናንተ ከፍሎ በአከራዩ ዘንድ ያለውን የእናንተን ድርሻ ይወርሳል። በማሻሻያው ላይም እንዲሁ ይጻፍ።

ሁሉም ክፍያ በባንክ ወይም በቴሌብር ይሁን፣ ምክንያቱ ላይም «የኪራይ ድርሻ» ብላችሁ ጻፉ። በእጅ የተሰጠ ገንዘብ ምስክር የለውም።

የጋራ ዕቃ ላይ ሰው የሚሳሳተው በገዛበት ዋጋ ማስላቱ ነው። ፍሪጁ ለአራት በ24,000 ተገዝቶ ዛሬ 16,000 የሚያወጣ ከሆነ ድርሻችሁ 4,000 ነው እንጂ 6,000 አይደለም። ተጠቅማችሁበታል። የሚቆዩት ይክፈሏችሁ ወይም ተተኪው ይግዛችሁ። ምጣዱን፣ ሮቶውን፣ መጋረጃውን በዚሁ መንገድ ጨርሱ። ጀበናና ሲኒ ላይ ግን አትከራከሩ። የጅማ በርጩማ ከገዛችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ እሱ ሌላ ነው።

በስማችሁ ያለ ዋይፋይ ካለ ከመውጣታችሁ በፊት ስሙን አዙሩት ወይም አዘጉት። የመብራቱ ቆጣሪ በካርድ ካልሆነ በመውጫው ዕለት ንባቡን ፎቶ አንሱ፣ የውሃውንም። ቢሉ በኋላ ሲመጣ ድርሻችሁ እስከዚያች ቁጥር ነው።

6. እምቢ ቢሏችሁ

አከራዩ አልፈርምም ካሉ፣ የምትወጡበትን ቀን የያዘ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፉና ቅጂው ላይ «ተቀብያለሁ» አስፈርሙ። ያንንም እምቢ ካሉ በሁለት ምስክር ፊት ስጡ ወይም በፖስታ ቤት በሪኮማንዴ (በአደራ ደብዳቤ) ላኩት፤ ደረሰኙን አስቀምጡ። ደብዳቤው ብቻውን ከውሉ ላያወጣችሁ ይችላል፣ ግን በኋላ «አልነገረኝም» የሚለውን አፍ ይዘጋል።

ደባሎች ገንዘባችሁን ከያዙ መጀመሪያ ሁላችሁም የምታከብሩትን ሰው መሃል አስገቡ። የሥራ ባልደረባ ሊሆን ይችላል፣ የሰፈር ሽማግሌም። ሁለታችሁም ፈቃደኛ ከሆናችሁ በኦሮሚያ የተቋቋሙት የባህል ፍርድ ቤቶችም አሉ። መደበኛው ፍርድ ቤት የመጨረሻው በር ነው። ለ4,200 ብር ስንት ቀን ከሥራ እንደምትቀሩ ቀድማችሁ አስሉ።

7. የመጨረሻው ቀን

ክፍላችሁን ባዶ ሆኖ በቪዲዮ ቅረጹት። ግድግዳውን፣ መስኮቱን፣ ቧንቧውን እያስከፈታችሁ። ጅማ ላይ እርጥበት ግድግዳ ያሻግታል፤ ያ የቤቱ ጉዳይ እንጂ የእናንተ ጉዳት እንዳልሆነ የሚያሳየው ቪዲዮው ነው። ቁልፉን ለአከራይ ወይም ለተተኪው በእጁ ስጡ፣ «ቁልፍ ተረክቤያለሁ» የምትል አጭር መልእክት ይላክላችሁ። በር ሥር አታስቀምጡ።

የቀበሌ መታወቂያችሁ በዚያ ቤት አድራሻ ከወጣ፣ ከተማ ወይም ቀበሌ የምትቀይሩ ከሆነ መሸኛችሁን ከመሄዳችሁ በፊት ውሰዱ። እኔ ረስቼው ሄድኩ። ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል በአውቶቡስ የተመለስኩት ለአንድ ማህተም ነበር፣ ደርሼም ማህተም የያዘው ሰው ስብሰባ ላይ ነበር።